ምን ዓይነት ቅባት ነው ይላል?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከውጭ አገር ተሸክማችሁ ካመጣችሁት ስጦታ ሁሉ ሰው የጎዳው የትኛው ነው?

አትቸኩሉ። መጀመሪያ «የኔ ስጦታ ማንንም አልጎዳም» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። ስጦታ እኮ ሰጪው ካልመረመረው በቀር ማንም የማይመረምረው ዕቃ ነው። ቁጥር አርባ አራት ጫማ ለባለ ሠላሳ ስምንት እግር እናመጣለን፤ ተቀባዩ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ወትፎ ይጫማውና «ልክ ለኔ የተሠራ!» እያለ ይመርቀናል። ለበረዶ የተሰፋ ካፖርት ለአምቦ ፀሐይ እናመጣለን፤ አክስታችን በሚያዝያ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ «አይሞቅሽም እንዴ?» ብትሏት፣ «ኧረ ምንም አይል፣ እንዲያውም ይመቻል!» ትላለች። ስጦታው ጠማማ ሲሆን የሚጣመመው ተቀባዩ ነው። ሰጪውማ ምርቃቱን ይዞ ይሳፈራል።

እኔ ያመጣሁት ጫማም ካፖርትም አልነበረም። ቅባት ነው። እንደ ጥርስ ሳሙና የምትጨመቅ አንዲት ቱቦ። ያየኝ ሁሉ «የፀጉር ነው የፊት?» ይለኝ ነበር።

የብርጭቆ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሰሜን አውሮፓ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ የብርጭቆ ዕቃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መገጣጠምና መጋጠሚያውን ቅባት መቀባት ነበር። ይኸው ነው። የቀረውን ጊዜ አነብ ነበር፤ በዚያ አገር ክረምቱ ረጅም፣ ሰዉም ዝምተኛ ስለሆነ ከመጽሐፍ ሌላ የሚያናግራችሁ የለም። ብዙ ያነበበ ሰው ደግሞ ሲናገር የተማረ ይመስላል። ጡረታ ወጥቼ ዘመድ ልጠይቅ አምቦ የገባሁ ዕለት የአጎቴ ልጅ ታደለ ለአንዱ ሰው «ከውጭ የመጣች የኬሚስትሪ ዶክተር ናት» ብሎ አስተዋወቀኝ። ለምን አላረምኩትም? መጀመሪያ ይሉኝታ ያዘኝ። ቀጥሎ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ «ዶክተር!» ሲባል ዘወር ማለት ጀመርኩ።

አሁን ስለ ቅባቱ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ጥፋቴን አሳንሳችሁ ታዩልኛላችሁ፣ እሱን ደግሞ አልፈልግም። አንዳንድ ፈሳሽ በተራ እሳት ቢፈላ ያርራል፣ ሽታው ይበላሻል። ስለዚህ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይደረግና በውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ ይወጣለታል፤ አየር ከሌለ ፈሳሹ ለብ ባለ ሙቀት ይፈላል። ጣጣው ብርጭቆው አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ክፍሎቹ የሚገናኙት በመጋጠሚያ ነው፣ በመጋጠሚያው ደግሞ የውጭው አየር ሾልኮ ይገባል። ቅባት የሚያስፈልገው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ነገር ግን የተገኘው ሁሉ አይቀባም። የመኪና ግሪስ ብትቀቡበት አየር ባለቀበት ቦታ እሱ ራሱ ይተንና ከምታጣሩት ነገር ጋር ይቀላቀላል። ከነዳጅ የሚሠራ ደህና ቅባት አለ፤ ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ግን ሙቀት አይወድም፣ ዘይት ሲነካውም ይሟሟል። ሲሊኮን የሚባል አለ፤ ሙቀቱን ይችለዋል፣ ጠባዩ ግን እንደ ሐሜት ነው። ከተቀባበት ተነሥቶ በብርጭቆው ላይ እየዳኸ ያልተጠራበት ይደርሳል፤ አንዴ ከገባም በሳሙና አይለቅም። ከማንም ጋር የማይጣላ፣ ከማንም ጋር የማይቀላቀል ሌላ ዓይነትም አለ። እሱን እንኳን እኛ፣ የእኔ አሠሪዎችም በቁልፍ ነበር የሚያስቀምጡት።

የቱንም ብትመርጡ ሕጉ አንድ ነው። ትንሽ። መጋጠሚያውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ከላይኛው ጠርዝ ላይ ታስነኩና ብርጭቆው እንደ ምንጭ ውኃ እስኪጠራ ድረስ ታሽከረክሩታላችሁ። ቅባቱ በልኩ መቀባቱ የሚታወቀው ሳይታይ ሲቀር ነው። ከታየ በዝቷል። ይህን በእንቅልፍ ልቤ አውቀዋለሁ። እና ቀጥሎ የምነግራችሁን «ባለማወቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ።

ከሚሊኒየሙ በዓል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጉደር ላይ፣ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር ትንሽ ቤተ ሙከራ ከፍቶ ነበር። ከወንጪ ዳገት የሚመጣው ጦስኝና ከየጓሮው የሚታጨደው ጠጅ ሣር ዘይታቸው ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ለሳሙናና ለሽቶ ሠሪዎች እንዲሸጥ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይኸው ታደለ ነበር፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ በእርጅናው ሰብሳቢነት የጣመው ሰው።

ሥራውን የሚሠሩት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ኦቦ ገመቹ። ዛሬ ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያኔ እሳቸው «እርስዎ» ሲሉኝ እኔ «አንተ» ነበር የምላቸው። የከተሜነት ትዕቢቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በበረዶ ውስጥ ተቀምጦ ሳይበላሽ ኖሯል። ኦቦ ገመቹ በጤና ጣቢያ ቤተ ሙከራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ «ለአገር የሚጠቅም ነገር ነው» ተብለው የመንግሥት ሥራቸውን ጥለው ወደ ማኅበሩ የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ፕሮቴስታንት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሌሊሴ የነርስነት ትምህርቷን ጀምራ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሳለች። የምትማረው በአባቷ ደመወዝ ነው። ይህን በተዋወቅንበት ቀን ነገሩኝ፤ ስለዚህ አላወቅኩም አልልም።

የሚገዛ ቅባት ስላልነበረ ኦቦ ገመቹ የራሳቸውን ሠርተው ነበር። ከካቺሲ ገበያ ንጹሕ ሰም ያስመጣሉ፤ በሳልሳ ጣሳ ከቫዝሊን ጋር ያቀልጡትና በሻሽ ያጣሩታል። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጫፍ ከመጋጠሚያው አናት ላይ ብቻ ያስነኩና፣ ሙቀት እንዳያቀልጠው እርጥብ ጨርቅ ይጠመጥሙበታል። ፓምፑ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ይሠራል። በዚህ ዘዴ ያጣሩት አንዲት ብልቃጥ ዘይት አዲስ አበባ ላለ ገዢ ተልኮ፣ ገዢውም ውጭ አገር አስመርምሮ፣ «ግሩም ነው፤ አሁን አምስት ሊትር ላኩና ውል እንፈራረም» ብሎ ነበር። አምስት ሊትር ሲባል ማኅበሩ ደነገጠ። በኛ አገር ሥራው ተሳክቶ ሲያስደነግጥ የሠራውን ሰው «ቀጥል» ማለት የለም። ትልቅ ሰው ይጠራል። ዶክተሯ ተጠራች።

ጣሳዋን አየሁና ሳቅኩ።

«ይሄን ነው የምትቀባው? ይሄማ የጫማ ቀለም ነው!»

«ሰም ነው፣ አዴ ጽጌ» አሉኝ ረጋ ብለው። ከተማው በሙሉ ዶክተር ሲለኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ አዴ ጽጌ፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ ጽጌ፣ የሚሉኝ። «ክፉ አይደለም። ንብ ቤቷን የምትሠራበት ነው።»

«ዓለም የት ደርሷል፣ አንተ ገና ንብ ጋር ነህ!» ብዬ ቱቦዬን አወጣሁ።

ቱቦዋ ሲሊኮን ነበረች። ጡረታ ስወጣ ማንም ስለማይፈልጋት ከመሳቢያ አንሥቼ፣ ሳልጠይቅ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የጨመርኳት። ለምን ነበር ማንም የማይፈልጋት? ሽታ ያለው ዘይት በሚጣራበት ዕቃ ላይ ሲሊኮን እንዳይነካ አለቃችን ስለከለከሉ ነው። ይህንንም አውቅ ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ አገር ተሸክሜ አምጥቼ፣ ለታደለ «ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብዬ አወድሼ፣ አሁን በምን አፌ «ለዚህ ሥራ አትሆንም» እላለሁ? ትንሽ ከተቀባች ምንም አታመጣም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሥራው የሚጀመር ዕለት ኮሚቴው ተሟልቶ መጣ። ወንበር ተደረደረ፣ ለስላሳ ተከፈተ። እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ መጋጠሚያውን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አስነካሁ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ከፊት ወንበር ላይ ግን ወይዘሮ በላይነሽ ተቀምጣ ነበር። የማኅበሩ ምክትል ሊቀ መንበር ናት፤ ምላሷ የሰላ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የምታስቅ ሴት።

«ውይ ዶክተር! ፈረንጅ አገር ቅባት እንዲህ ነው የሚቀባው? ይቺ ብርጭቆ ሙሽራ ብትሆን ፀጉሯ ደርቆ መቅረቱ ነው!»

ሰዉ ሳቀ።

«ተያት እንጂ በላይነሽ» አለ ታደለ፣ «እዚያ እኮ ሁሉ ነገር በግራም ነው የሚሰፈር።»

«እዚህ አይሰፈርማ! በኛ ቤት ቅቤ ተቀባ የሚባለው ግንባር ላይ ሲወርድ ነው። ምነው፣ ከሄድሽ ወዲህ እጅሽ ያዝ አደረገ እንዴ እህቴ?»

እናንተ ታውቁታላችሁ። በኛ አገር የሚከበር አናት ላይ ቅቤ ሲደረግ አይመጠንም፤ መመጠን ንፍገት ነው። ንፍገት ደግሞ ከስርቆት ቀጥሎ ያለ ነውር ነው፤ እንዲያውም ሌባ አንዳንዴ ይሞገሳል፣ ንፉግ የሚሞገስበት ቀን የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ርቃ የመጣች ሴት «ፈረንጅ ሆና እጇ ተሰበሰበ» ከምትባል ብትሞት ይሻላታል። ቱቦዋን ጨመቅኳት። ሳቁ ሲበረታ ደግሜ ጨመቅኳት። ብርጭቆው አንገቱ ድረስ አብረቀረቀ።

«ባይአቴ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ኦቦ ገመቹ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት ልጆች ጋር የምጫወተው በኦሮምኛ ነበርና ገባኝ። ያልገባኝ መስሏቸው ይሁን አላውቅም፣ ዝቅ ብለው በአማርኛ ደገሙልኝ። «በዛ፣ አዴ ጽጌ። ሲሞቅ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ነው!» አልኳቸው፤ ጮክ ብዬ፣ ኮሚቴው እንዲሰማ።

 ወይዘሮ በላይነሽ አጨበጨበች፣ ሌላውም ተከተላት። ፓምፑ ተነሣ። አላጉረመረመም። በፍጹም ጸጥታ ሠራ፣ እኔም በጸጥታው ኮራሁ።

ዘይቱ ተላከ፤ የገዢው ደብዳቤ ከወር በኋላ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው። ታደለ ኮሚቴውን ሰበሰበ፤ ኦቦ ገመቹም ተጠርተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

«ዶክተር፣ አንቺው አንብቢልን» ብሎ ታደለ ወረቀቱን ሰጠኝ።

አጭር ነበር። በዘይቱ ውስጥ የሲሊኮን ቅባት ተገኝቷል፤ ስለዚህ ግዢውም ውሉም ቀርቷል። ሁለት መስመር። 

«እህስ? ምን ይላል?»

«ቅባት ተቀላቅሎበታል ነው የሚለው። አንገዛም ብለዋል።»

ይህ ገና ውሸት አልነበረም።

«ያ የሳልሳ ጣሳ!» አለች ወይዘሮ በላይነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «እኔ ድሮውንም ዓይኔ ጠልቶታል!»

ጣሳዋ እውነትም መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማስረጃው እሷ ሆነች። አንዱ የኮሚቴ አባል «የመጀመሪያዋ ብልቃጥ የተሠራችው በዚህ በጣሳው ቅባት አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ያኔ ዕድል ነው!» አሉት። «አሁንስ የቀባችው ዶክተሯ አይደለችም?» አለ አሁንም። «ከበላዩ የራሱን ደርቦበት ይሆናላ!» አሉት። ሰውዬው ተቀመጠ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ እከኩ የኔ እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ።

ኦቦ ገመቹ ሁሉም ጮኾ እስኪደክመው ጠበቁ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ዓይነት ቅባት ነው ይላል፣ አዴ ጽጌ?»

ወረቀቱ በእጄ ነው። ቃሉ ከአውራ ጣቴ በላይ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ተጽፏል። ጣቴን ከፍ አደረግኩና ላዩ ላይ አሳረፍኩት።

«አይገልጽም» አልኩ።

ሰው ሲዋሽ ድምፁ ይንቀጠቀጣል የሚሉ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። የኔ አልተንቀጠቀጠም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባል የለ? እኔ ገና ሳላፍር ነው ያልመለሰኝ። ኦቦ ገመቹ ጥቂት አዩኝ። ኮሚቴውም በዚያው ስብሰባ ከሥራቸው አሰናበታቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው፣ ጣሳቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። እኔም ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ፣ ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ተሳፈርኩ። ታደለ ሲሸኘኝ ጉንጬን እየሳመ «በሚቀጥለው ጊዜ ደህና ማሽን ይዘሽልን ነይ» አለኝ።

ስምንት ዓመት አልተመለስኩም። ማፈሩ የመጣው እዚያ ነው፣ ዘግይቶ፣ እንደ ሪህ። ሌላ ጊዜ ደህና ነኝ፤ ብርጭቆ ሳጥብ፣ የገዛ ራሴን የሻይ ብርጭቆ፣ ይነሣብኛል። ለኦቦ ገመቹ ደብዳቤ እጀምራለሁ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ቅባት ጠባይ አብራራና፣ ቃሉ የሚጻፍበት ቦታ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ማኅበሩ እንደተዘጋ ሰማሁ። ስለ ሌሊሴ አልጠየቅኩም። መልሱን ስለማውቀው ነው ያልጠየቅኩት።

በመጨረሻ ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልይዝ አገሬ ገባሁ፤ ዘመድ ሁሉ ሻንጣዬን እያየ ታዘበኝ። ጉደር ወርጄ ቤታቸውን አጠያየቅኩ። ኦቦ ገመቹ ጓሯቸው ውስጥ ጧፍ እየሠሩ አገኘኋቸው፤ ሰሙን ያቀልጣሉ፣ ክሩን ይነክራሉ፣ ያንጠለጥላሉ። ፕሮቴስታንቱ ሽማግሌ ለኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ አቅራቢ ሆነው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጽጌ!» ብለው ተነሡ፤ ትናንት የተለያየን ያህል። በርጩማ አቀረቡልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ኦቦ ገመቹ፣ ደብዳቤው ዓይነቱን ይገልጽ ነበር። ሲሊኮን ነበር የሚለው። የኔ ቅባት ነው። ጣቴን አድርጌ ሸፈንኩት።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ጣሳዬን ልወስድ ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነበብኩት። ታደለም ለእርስዎ ሳይሰጥ በፊት አንብቦታል፤ መምህር አይደል? ለወይዘሮ በላይነሽም ከስብሰባው በፊት ነግሯታል፤ ኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

አሁን ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ሁላችሁ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እርስዎ እንግዳ ነበሩ፣ እንግዳ አይዋረድም። ታደለ ደግሞ ‹ዶክተሯ ካፈረች አትመለስም፣ ካልተመለሰች ማሽኑ ይቀርብናል› አለኝ።» ፈገግ አሉ። «ዶክተር እንዳልነበሩም አውቅ ነበር። እጅዎን አይቼ ነው። የሚያጥብ ሰው እጅ ነው፤ እንደ እኔ።»

«እና እርስዎስ? ዝም ብለው ከሥራዎ ተባረሩ?»

«ያን እሑድ ለእግዚአብሔር ነገርኩትና ይቅር አልኩዎ። ጉዳዩ የዚያኑ ቀን አልቋል፣ አዴ ጽጌ። ይልቅ ሻይ ይጠጡ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ስሰቃይበት የኖርኩት ምስጢር ጉደር ላይ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። እንደ ሕፃን ነበር የተሸፋፈነልኝ።

ሻዩን ያመጣችው ሌሊሴ ናት። እጇ ላይ የደረቀ ሰም አለ። ትምህርቷን በዚያው ዓመት አቋርጣ ከአባቷ ጋር ሰም ታቀልጣለች። ብርጭቆውን ፊቴ አስቀመጠችና ቆመች።

«አባባ ይቅር ያለው የራሱን ነው» አለች። «የኔን ይቅር እንዲል ማን ሰጠው?»

«ሌሊሴ!»

«ምን አልኩ? እንግዳ ናቸው፤ ሻይ አፍልቼላቸዋለሁ፣ ስኳሩም አለ። ይጠጡ። ከኔ ግን ሌላ ነገር አይጠብቁ።»

አባቷ አፈሩ። እኔ ግን እዚያ ጓሮ ውስጥ እንደ ሙሉ ሰው ቆጥራ ያናገረችኝ እሷ ብቻ እንደሆነች ገባኝ። ጥፋት ማጥፋት እንደምችል ያመነችልኝ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ምንም እንዳልሠራሁ አድርገው፣ ሸፍነው፣ መርቀው ሸኝተውኛል።

«እውነትሽን ነው» አልኳት፣ ሻዩንም ጠጣሁት። በጣም ጣፋጭ ነበር።

አሁን እናንተ ደግሞ «እንግዲህ ራስሽን ይቅር በይ፣ እርጅናም አለ» ልትሉኝ ነው። አውቃለሁ፤ የመጻሕፍቱ ሁሉ የመጨረሻ ገጽ እንደዚያ ይላል። እኔ አልልም። ታደለ አንብቦ ወረቀቱን በእጄ ያስያዘኝ ሊፈትነኝ ይሁን ሊያመቻችልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የቱም ቢሆን ይቅር አልለውም። በላይነሽንም፤ እያወቀች ጣሳዋን አስጠይቃለች። ኦቦ ገመቹን እንኳ፣ ያን ደግ ሰው፣ ሳልለምናቸው ምሕረት አድርገው የልጃቸውንም በደል በምሕረታቸው ውስጥ አብረው ስለጨመሩልኝ ይቅር አላልኳቸውም። ስለ ራሴ መናገርም አያስፈልገኝም። ሌሊሴ ይቅር አትበለኝ፣ እኔም ማንንም ይቅር አልልም።